በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ መመለስ



የጀመዓችን ዓመታዊ የጉዞ ፕሮግራም እየቀረበ ነው። እንደተለመደው ስለ ባስ ኪራይ፣ ስለ ምሳና ስለ መዋጮ መነጋገር ተጀምሯል። ነገሩ ሳይቆረጥ አንድ ሐሳብ እናንሳ፤ ዘንድሮ በእግራችን እንሂድ። ቦታውም ሩቅ አይደለም፣ ወረታ ዙሪያ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው።

አምና ባሱ ሊነሳ ሲል ከዶርማችን አንድ ወንድም ራሱን እንዳመመው ነግሮን ቀረ። ማታ ስንመለስ ደህና ሆኖ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ አገኘነው። ያስቀረው መዋጮው እንደነበረ የገባን ብዙ ቆይቶ ነው። ኡኹዋ እናጠናክራለን ብለን በወጣንበት ቀን ወንድማችንን ዶርም ጥለነው ሄድን። ይህን ስናስብ ዛሬም እናፍራለን።

ታኅሣሥ ላይ ከዚያው ልጅ ጋር ሃያ ያህል ሆነን በሚኒባስ ወረታ ወረድን። ቤተሰቦቹ እዚያው ፎገራ ሩዝ አምራቾች ናቸው። ከከተማው በምዕራብ በኩል ወጥተን ሜዳው ላይ ገባን። ዳገት የለም፣ ቁልቁለት የለም። ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል፣ ዋልካው አፈር ጣት እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጣጥቋል። ክረምት ላይ ይኸው መሬት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲመጡ ውሃ ይተኛበታል። ጤፍ ውሃ ሲተኛበት አይሆንለትም። ሩዝ ግን በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ከመጣ በኋላ ውሃውን ወደደው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው። ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው ወረታ ነው፤ ከመካከላችን ይህን የሚያውቁት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ያ ልጅ ክላስ ውስጥ ድምፁ አይሰማም፤ ደርስ ላይም ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ያን ቀን ግን ከፊት ሆኖ መራን። አንድ ሾላ ሥር አቁሞን ውሃው በክረምት እስከ የት እንደሚደርስ በእጁ አሳየን። የ1998ቱን ጎርፍ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ያፈናቀለውን፣ ከቤተሰቦቹ እንደሰማው ነገረን። ከዚያ ጠየቀን፦ ወንዙ ዳር የአፈር ግድብ ሲሠራ የእኛ ማሳ ይድናል፣ ውሃው ግን ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ደለሉም ወንዙ ውስጥ እየቀረ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሠሩ ነበር?

ሃይድሮሎጂን በኤ ያለፉ ልጆች አብረውን ነበሩ። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ጥያቄው እዚያ አያበቃም። ከወረታ ራቅ ብሎ ወደ ጣና በኩል ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። ክሬን የሚባሉት ግራጫ ባለረጅም እግር ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚያርፉት እዚያ ነው። ረግረጎቹ በወንዞቹ ጎርፍ ይሞላሉ፤ በጋ ላይ ደግሞ ለመስኖ በፓምፕ ይጠጣሉ፣ ሲደርቁም ይታረሳሉ። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል። ገበሬው ግን ልጆቹን የሚያበላው ከዚያ ማሳ ነው። ነገ ተመርቀን ቦይና ግድብ የምንነድፈው እኛ ከሆንን፣ የማን ማሳ እንደሚሰጥም ሳናይ ለመንደፍ ምን መብት አለን?

ዙሁርን እዚያው ሾላው ሥር በጀመዓ ሰገድን፤ ዉዱእ ያደረግነው ይዘነው በሄድነው ጀሪካን ነው። ስንመለስ በመጣንበት አልነበረም። አስፋልቱን ተሻግረን በምሥራቅ ያለውን ተረተር ግርጌ ይዘን በባሕር ዛፍ ጥላ ዞረን ከተማ ገባን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለዒድ ሰላት በአንድ መንገድ ሄደው በሌላ ይመለሱ እንደነበር መድረሳ እያለን ተምረናል። የዒዱ ሱና ለዒድ ነው፣ ከዚህ ጋር አናምታታውም፤ ግን እየሄድን ሳለ ትዝ ያለን እሱ ነው። ሁሉም ከሦስት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ሐሳቡን ስናነሳ አንድ ተቃውሞ ሰምተናል፤ ትክክለኛም ተቃውሞ ነው። «እኔ እኮ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ስሄድ ነው ያደግኩት፤ የእግር መንገድ ለከተማ ልጅ ነው የሚያዝናናው» ያሉን አሉ። እውነት ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን እግርን የምናውቀው ባስ ሲጠፋ ነው። ነገር ግን ያኔ የምንሄደው እንዳይረፍድብን እየሮጥን፣ ዓይናችን መሬት መሬት እያየ ነበር። ቆመን ያየነው ነገር ጥቂት ነው። ደግሞ የገጠር ልጅ መሆን ጀመዓችን ውስጥ እንደ ጉድለት የሚቆጠርበት አጋጣሚ አይተናል፤ ያን ቀን ግን የሚያውቀው የገጠሩ ልጅ ነበር።

ሌላው ጸጥታ ነው። ይህ የሚቀለድበት ጉዳይ አይደለም። የአካባቢው ሰው መንገዱ ሰላም ነው ካላለን አንወጣም፤ ቢዘገይም ይዘግያል። እህቶች በራሳቸው ቡድን፣ የራሳቸውን አስተባባሪ መርጠው ይሂዱ፤ መንገዱ ለሁሉም ይበቃል።

ለባስ ኪራይ ከምንሰበስበው የሚኒባሱን ታሪፍ ከጋራ እንክፈል፤ የተረፈው ለዳቦና ለቴምር ይሁን። ማን ስንት እንዳዋጣ ከአሚሩ በቀር ማንም አይወቅ። ከዚህ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ያለውን የአለም ሳጋን ደን ማየት እንችላለን፤ እሱ ግን ዳገት አለው።

ጫማ ይታሰብበት። በታኅሣሡ ጉዞ በነጠላ ጫማ የመጡ ሁለት ወንድሞች ነበሩ፤ የታጨደው ሩዝ ግንድ ምን ያህል እንደሚወጋ እነሱን ጠይቁ።