የዋልያስ ስም በዓለም አልደበዘዘም፤ የደበዘዘው በቤቱ ነው

ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ ከሞላሌ እስከ ራቤል በተዘረጋው ደጋ፣ ዛሬ «ዋልያዎቹ» የሚለው ስም ሲነሳ የሰሚው ሐሳብ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ነው። ይህ የሚያስቀይም አይደለም፤ ቡድኑ የሀገር ነው፣ ስሙም ይገባዋል። ሆኖም ይህንኑ ስም ተሸክሞ የአዲስ አበባን ሌሊት ያደመቀ፣ ሸክላው ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች የሚሸጥ፣ ከመሪዎቹም አንዱ ደብረ ብርሃን ላይ የተወለደ የሙዚቃ ባንድ እንደነበረን የሚያውቅ ወጣት ቁጥሩ እየሳሳ መጥቷል። እንግዲህ «የዋልያስ ባንድ ዝና እየከሰመ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሙዚቃ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም። የሰሜን ሸዋ ሕዝብም ጉዳይ ነው ብለን ስለምናምን፣ ይህ ጋዜጣ አቋሙን ያስታውቃል።

ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ ዓመታቱን የምንጠቅሰውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ባንዶች በምሽት ክበብ ባለቤቶች መሣሪያና ፈቃድ ሥር በሚያድሩበት ዘመን የራሱን መሣሪያ ገዝቶ ራሱን ችሎ የቆመ፣ በሒልተን ሆቴልም ለዓመታት የተጫወተ ቡድን ነው። የደርግ የሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት ታዳሚው ሌሊት ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል፣ ባንዱም ታዳሚውም በአንድ አዳራሽ ተዘግተው እስከ ንጋት ይቆዩ ነበር። በ1977 የደብረ ብርሃን ተወላጁ የኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ «ቼ በለው» የተሰኘውን ያለ ድምፃዊ የተቀዳ ሥራ በሸክላ አወጡ፤ በውስጡም ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ይገኛል። በ1981 ባንዱ ማሕሙድ አህመድንና ጌታቸው ካሳን አጅቦ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከጉዞው በኋላ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፣ የተቀሩት ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ባንዱም በዚያው ተበተነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን በርጋታ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት ካወጡ በኋላ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተራ በሚጠብቁበት ሰዓትም ኦርጋናቸውን ከመኪናው የኋላ ሣጥን አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር በብዙ ተጽፏል። ያንን ካሴት ፈልጎ ያገኘው ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ ነው፤ ያገኘውም እዚሁ በክልላችን፣ በባሕር ዳር ነው። ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ በ2013 ዳግም አሳተመው፤ በ2014 «ቼ በለው» ተከተለ። ኃይሉ መርጊያም እንደገና ወደ መድረክ ወጥተው በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ተጫወቱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ አድርገው ቀዱ። ባንዱ ከተበተነ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ትኬት ገዝቶ የሚያዳምጠው ሙዚቃ ዝናው ከስሟል ሊባል አይችልም።

ከመንዝ አፋፍ ቁልቁል ወደ ይፋት ለሚመለከት ሰው ደግሞ ሌላ ምስክር አለ። በ1935 ይፋት ውስጥ የተወለዱት ጌታቸው መኩሪያ፣ በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ የነኩ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ፣ የአባቶቻችንን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን ያስጮሁ ሰው ናቸው። መንዜ ሽለላን የሚያውቀው ከወንዶች ጉሮሮና ከማሲንቆ ገመድ ነው፤ ጌታቸው መኩሪያ ግን ያንኑ ድምፅ፣ ከነትንፋሹና ከነቁጣው፣ በነሐስ መሣሪያ ውስጥ አሳልፈው አዲስ ሕይወት ሰጡት። በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ያወጡት «ዘ ኤክስ» ከተባለ የሆላንድ የፓንክ ሮክ ባንድ ጋር ነው። በአምስተርዳም የሮክ ጊታር የያዙ ሰዎች የሸዋን ሽለላ ለማጀብ ተሰለፉ ማለት ነው። በ2016 ሲያርፉም የሀዘኑ ዜና ከሀገር ውጭ ባሉ የሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ በስፋት ተሰማ።

ስለዚህ ፍርዳችን ግልጽ ነው። የእነዚህ ሰዎች ስም በዓለም አልደበዘዘም፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርዕስ ተከታታይ ሥራዎችን ማሳተም ከጀመሩ ወዲህ ጭምር እየሰፋ ሄዷል። ልኩን አናጋንን፤ ይህ ስታዲየም የሚሞላ ዝና አይደለም፣ የቢትልስ ዝናም አይደለም። ግን የቆየ፣ የሚያድግና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ዝና ነው። የደበዘዘው በእኛ ዘንድ ነው፤ በዚህም ተጠያቂው ሙዚቃው ሳይሆን ሙዚቃውን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ተወዳጅነት ዕዳ አይደለም። ማንም ወጣት የአባቱን ዘፈን እንዲወድ ሊገደድ አይችልም፣ አይገባምም፤ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ድምፅ የመምረጥ መብት አለው፣ ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ይዞ ሮክን ከሀገር ቅኝት ጋር ሲያዋድድ ያደረገውም ይህንኑ ነው። አደራ ግን ከተወዳጅነት የተለየ ነው፤ የሚወደውም የማይወደውም ትውልድ ተረክቦ ለሚቀጥለው የሚያስረክበው ንብረት ነው። ወጣቱ ሰምቶ «አልወደድኩትም» ቢል ፍርዱን ሰጥቷል፤ ሳይሰማ ያደገ ግን ፍርድ የመስጠት ዕድሉን ተነፍጓል። በዚህ ዞን ብዙ ልጆች ያሉት በሁለተኛው ረድፍ ነው።

የእንግሊዟ ሊቨርፑል ለዚህ ትምህርት ትሆናለች። ቢትልስ በ1970 ተበተነ። ነገር ግን ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ ያደጉባቸው ቤቶች በሀገሪቱ የቅርስ ባለአደራ ድርጅት እጅ ገብተው፣ እንደ ነበሩ ተጠብቀው፣ ለጎብኚ ክፍት ናቸው፤ በ2023 ከአሮጌ የካሴት ቅጂ ተለይቶ የወጣው የሌነን ድምፅ ያለበት ዘፈን በብሪታንያ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከተበተነ ሃምሳ ሦስት ዓመት ከሆነው ባንድ ይህ የተገኘው ዘፈኑ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ ልጆቿን ስላልረሳችም ነው። ደብረ ብርሃን በልጇ ስም የተሰየመ አንዲት አነስተኛ የማዳመጫ ክፍል እንኳ ብትከፍት፣ የሚጠይቃት ከሊቨርፑል ሀብት እጅግ ያነሰ ነው።

መደብዘዙ እንዴት መጣ ቢባል፣ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ለዓመታት አጠበበው፤ ስደቱ የባንዶቹን አከርካሪ ሰበረ፤ ሸክላ በካሴት፣ ካሴትም በሲዲ ሲተካ የቀደመው ወደ ኋለኛው ሳይገለበጥ ቀረ፤ ስምንትና ዘጠኝ ሰው ይሠራው የነበረውንም ሥራ አንድ ሰው በአንድ ኦርጋን ሊሠራው ቻለ። ሰርግ ደጋሹም ርካሹን መረጠ፣ በዚህም አይወቀስም። የሚወቀሰው ነገር ሌላ ነው፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የቀረውን እንዲሰበስብ ሥልጣንና በጀት የተሰጠው አካል አለመሰብሰቡ ነው። ባሕር ዳር ላይ አንድ ካሴት የተገኘው በባህል ቢሮ መዝገብ ውስጥ ሳይሆን በእንግዳ ሰው ፍለጋ መሆኑ ሁልጊዜ ሊያሳስበን ይገባል። ሰውየውን «ዘረፈን» ማለት ፍትሕ አይደለም፤ ባለቤቱን ፈልጎ፣ አስማምቶ፣ ድርሻውን ከፍሎ ያሳተመ ሰው ነው። እኛ ልንሠራው የሚገባንን ሥራ ሠራ፤ ምስጋና ይገባዋል፣ ለእኛም ጥያቄውን ትቶልን ሄደ።

የመንዝ ሕዝብ ግን አደራ መጠበቅን ከማንም ሊማር አይገባውም። ጓሳ ለዚህ ምስክር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ አባቶች ያን የጓሳ ሣር ምድር በሥርዓት ይዘው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ አጭደው እንደገና ይዘጉት ነበር። በዝግ ዘመን በታጨደ ሣር ቤቱን የከደነ ሰው ክዳኑ እስከ መቃጠል የሚደርስ ቅጣት ይጠብቀው እንደነበር ይነገራል። ሣሩ ነገ ላይበቅል ይችላል የሚል ሥጋት ነበራቸው፤ ስለዚህም ሳይጠፋ ሕግ አወጡለት። የ1975 የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ ጓሳን ለቆ አልተበተነም፤ ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ሣርን ለአራት መቶ ዓመት የጠበቀ ሕዝብ ድምፅን መጠበቅ አይሳነውም፤ ድምፅም እንደ ሣር ሥር አለው፣ ካልተዘጋለትና ካልታጨደለት በጊዜው ይነቀላል።

«የዋልያስ ሙዚቃ የአዲስ አበባ ሆቴል ሙዚቃ ነው፣ የመንዝ ምኑ ነው?» የሚል ወገን ሊኖር ይችላል። መልሳችን ቀጥተኛ ነው። ሆቴሉ የመጫወቻ ቦታ ነበር፤ ቅኝቶቹ ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፣ የእኛው አዝማሪ በማሲንቆው የሚያውቃቸው። አሁንም በግሼና በመርሐቤቴ ሰርግ ላይ ማሲንቆ ይዞ ቤት የሚገባው ሰው የዚያ ዛፍ ሥር ነው፤ ኦርጋንና ሳክስፎን ቅርንጫፎቹ ናቸው። ሥሩን ንቆ ቅርንጫፉን ማወደስ እንደማይበጅ ሁሉ፣ ቅርንጫፉ ባሕር ማዶ ሲያፈራ «የእኛ አይደለም» ማለትም አይበጅም።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ በልባችንም ይዘነዋል። ባለፉት ዓመታት ይህ ዞን ጦርነትን፣ መፈናቀልንና ሀዘንን አይቷል፤ ልጁን የቀበረና ማሳው ጾም ያደረ ገበሬ ፊት ስለ ሸክላና ስለ ባንድ መናገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኛ ግን እንዲህ እናምናለን፤ ሕዝብ በመከራ ጊዜ መጀመሪያ የሚያጣው ዳቦውን ቢሆን፣ ቀጥሎ የሚያጣው ማንነቱን የሚናገርለትን ድምፅ ነው፤ ሁለቱንም አጥቶ የቀና ሕዝብ አናውቅም። ዋልያሶች ራሳቸው የሠሩት በሰዓት እላፊ ዘመን መሆኑ ለዚህ በቂ መልስ ነው።

ስለዚህ ኃላፊነቱን ለባለቤቶቹ እናስረክባለን። የዞኑና የክልሉ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች በሰሜን ሸዋ የተወለዱ ሙዚቀኞችን ሥራ፣ ከሸክላው እስከ ካሴቱ፣ ከከተማ እስከ ገጠር ፈልገው መሰብሰብና ቅጂውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማስረከብ ይገባቸዋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአካባቢውን የማሲንቆ፣ የበገናና የሽለላ ድምፅ ከነባለቤቶቹ ስም የመቅዳት ሥራን የምርምር ተግባሩ አድርጎ እንዲይዝ እንጠይቃለን፤ ከዚያ ትውልድ በሕይወት ያሉት እማኞች ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ይህ ሥራ ቀጠሮ አይሰጠውም። የክልሉ መገናኛ ብዙኃን በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለእነዚህ ሥራዎች ቢሰጡ፣ በየዜማውም መጨረሻ የደራሲውንና የተጫዋቹን ስም ቢጠሩ፣ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስም ሳይጠራ የሚተላለፍ ሙዚቃ ባለቤቱን በአየር ላይ ያጣል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከወጣ ብዙ ዓመት ያለፈ ስለሆነም ባለማወቅ ማመካኘት ተቀባይነት የለውም። ወላጆችም የድሮ ካሴታቸውን ከቁም ሳጥን አውጥተው፣ ከመጣሉ በፊት ለልጆቻቸው ያሰሙ።

እ.ኤ.አ. በ2027 «ቼ በለው» ሃምሳ ዓመት ይሞላዋል። ያን ዓመት ደብረ ብርሃን በአደባባይዋ እንድታከብረው፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚመጡ አዝማሪዎችም በዚያው መድረክ ከማሲንቆአቸው ጋር እንዲቆሙ፣ የከተማዋ አስተዳደርና የዞኑ ባህል መምሪያ ዝግጅቱን ከአሁኑ እንዲጀምሩ ይህ ጋዜጣ በአክብሮት ይጠይቃል።