ሸክላ ሠሪዋ ሐሳብ አጥታለችን?

ባለፈው ወር በማኅበራችን አዳራሽ በተደረገው ክርክር ላይ የነበራችሁ ጓደኞቼ ነገሩን ታስታውሱታላችሁ። የመከራከሪያው ርእስ «የአገራችን ጥበበ እድ ስለ ምን አያድግም?» የሚል ነበር። ከተከራካሪዎቹ አንዱ፣ አነጋገሩ ያማረ ማስረጃ ለመደርደርም የማይሰንፍ ወንድማችን፣ ተነሥቶ እንዲህ ሲል ደመደመ፦ «የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪ እናቷ የሠራችውን ጀበና ትሠራለች፤ እናቷም አያቷ የሠራችውን። የሐሳብ ድርቀት ማለት ይህ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። ስለ ማጨብጨቤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ በሁለተኛው ቅዳሜ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋራ ወደ ሐረር ሄድሁ። ጓደኛዬ የሶፊ ልጅ ነው። ሶፊ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዷ ናት። ወደ ሐረር የሚሄድ ተማሪ ጀጎልን፣ የራምቦን ቤትና የማታውን የጅብ ቅልብ አይቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ሶፊ የሚያደርሰው ጉዳይ የለውም። እኛም የሄድነው ለጓደኛዬ እናት ስኳርና ሳሙና ልናደርስ እንጂ ስለ ሸክላ ብለን አልነበረም። በማሽላውና በጫቱ መካከል ስንወርድ ከአንድ ግቢ ወፍራም ጢስ ሲወጣ አየሁና ደነገጥሁ። ጓደኛዬ ግን ሳቀብኝ። «ጎረቤታችን ሸክላ እየተኮሱ ነው» አለኝ።

ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። እኔ ኦሮምኛ ስለማልችል ጓደኛዬ አስተርጓሚ ሆነ። እሳቱ እስኪበርድ ድረስ ቁጭ ብለን ሥራቸውን አየን፤ ለእኔ ይህ ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት አያንስም ነበር።

አፈሩን ራሳቸው ቆፍረው በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡታል። ይሰጣል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከዚያ የተሰበረ ሸክላ ገል ተወቅጦ ከአዲሱ ጭቃ ጋራ ይለወሳል። ይህ የሚደረገው ጭቃው ሲደርቅና እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ ነው። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እያልን ስንተርት ገሉ የድህነቷ ምልክት ይመስለናል፤ ለእርሷ ግን ገል የሥራዋ ቅመም ነው። የሚሽከረከር መሣሪያ የላቸውም። ትልቅ እንስራ ሲያበጁ ጭቃው በቦታው ተቀምጦ እርሳቸው በዙሪያው ይዞራሉ። ሲጠነክር በወንዝ ድንጋይ እያሹ ያለሰልሱታል። በጥላ ካደረቁት በኋላ በኩበትና በእንጨት ደርበው ያነዱበታል። ጥቁር እንዲሆን ሲፈልጉ ሸክላው ፍም እንደ መሰለ አውጥተው በቅጠልና በገለባ ያፍኑታል፤ ጢሱ ገብቶ ያጠቁረዋል።

አመዱ ሲገለጥ ሁለት ምጣድ፣ አራት ጀበናና አንድ ድስት ወጣ። አንደኛው ምጣድ ተሰንጥቆ ነበር። ሴትዮዋ ምንም ሳይናገሩ ወደ ገሉ ክምር ወረወሩት። በመጨረሻ ከጥጉ በኩል በእንጨት ስበው አንድ ትንሽ ነገር አወጡ። ጅብ ነበር! ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ፣ ጆሮው ክብ፣ አፉን የከፈተ፣ ፊቱ ደግሞ ዕዳ እንዳለበት ሰው ያፈረ የሚመስል ጅብ። ከሆዱ ላይ እንደ ጽዋ የተጎደጎደ ስፍራ አለው። ፍም አስገብተው ዕጣን ጣል አደረጉበትና ከላይ በገል ከደኑት። ጢሱ በጅቡ አፍ ቱፍ ቱፍ እያለ ወጣ። እኔና ጓደኛዬ እስክንፈርስ ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሥራቸው እንደ ሠራላቸው ሰው ጅቡን ትክ ብለው ተመለከቱት።

እኔም የተማረ ሰው ጥያቄ ጠየቅሁ። «እናታችን፣ ይህ ሐሳብ ከየት መጣልዎት?» አልሁ። ጓደኛዬ ሲያስተረጉምልኝ ሴትዮዋ ጥያቄው ራሱ የገረማቸው መሰለኝ። የመለሱት በአጭሩ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ከድስት በተረፈ ጭቃ ለልጅ ልጃቸው መጫወቻ ሠሩ። ድፍን አድርገው ስለ ሠሩት እሳት ውስጥ ፈነዳ፤ ወፍራም ጭቃ ውስጡ ሳይደርቅ እሳት ከነካው እንፋሎቱ ያፈነዳዋልና። በሁለተኛው ጊዜ ውስጡን በጣት ቦርቡረው ለእንፋሎቱ መውጫ ቀዳዳ ተዉለት። ቀዳዳው ከፊት በኩል ስለነበር አፍ መሰለ። አፍ ካለው ዘንድ ጆሮ አወጡለት። በሦስተኛው ጊዜ ጢስ ቢወጣበትስ ብለው አሰቡ። «ጅብስ ለምን?» ብዬ ብጠይቅ «ሌሊት ሌሊት የምሰማው እርሱን ነው» አሉኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ የክርክራችን ጉድለት የታየኝ በዚህ ጊዜ ነው። እኛ ሐሳብን ከሰማይ በተመረጠ ሰው ራስ ላይ ዱብ የሚል ነገር አድርገን እንገምተዋለን። የሶፊዋ ሴት ግን ሐሳቡን ያገኙት ከተሰበረው መጫወቻ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከእሳቱና ከእንፋሎቱ ጋራ ከተደረገ ሙግት ነው። ይህን ለማግኘት ሁለት ጅብ መሰበር ነበረበት። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው፤ የሁለቱን ጅብ ኪሳራ የቻለ ማን ነው?

አንድ ምጣድ ሲሰነጠቅ የስንት ቀን ድካም እንደሚጠፋ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? መቆፈሩ፣ መሸከሙ፣ መውቀጡ፣ ማድረቁ፣ ማገዶው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ገበያ ሲወጡ ደግሞ ገዥው ዋጋውን ግማሽ ድረስ ይሰብራል። «አፈር አይደል እንዴ!» የሚል ቃል በሐረር ገበያ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የተናገረውም ያልተማረ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ኑሮ የሚኖር ሰው ገበያ የሚያውቀውን ጀበና ደግሞ ደጋግሞ ቢሠራ ሐሳብ ደረቀበት ይባላልን? በእኔ በኩል አስተዋይነት ነው እላለሁ።

የጀበናው ቅርጽ ራሱ ቢሆን መናቅ የለበትም። ሆዱ ክብ የሆነው ፍም ላይ ሲቀመጥ ሙቀቱ በእኩል እንዲያገኘው ነው፤ አንገቱ የጠበበው አተላውን ወደ ሲኒው እንዳያወርድ ነው። እንስራው በጥቂቱ ወዝ እያወጣ ውሃውን ያቀዘቅዛል። በብዙ ዘመን ተፈትኖ የተገኘን ቅርጽ አለመለወጥ ድንቁርና አይደለም። የድልድይ መሐንዲስም በየጊዜው አዲስ ስበት አይፈለስፍም።

በዚያው ቀን ማታ ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ገብተን ነበር። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት አጊጧል። ስፌቱ የሠሪዎቹ ኩራት ነው፤ እናት ለልጇ ታስተምረዋለች፣ ለሙሽራ ይሰጣል። ከግድግዳው ጎድጓዳ መደርደሪያ በአንዱ አፍላላ የሚባሉት ረዘም ረዘም ያሉ ሸክላዎች እንደ ቆብ ያለ የስፌት ክዳን ደፍተው ተሰልፈዋል። ወርቅና ገንዘብ የሚቀመጥባቸው ናቸው። ቆብ ያጠለቁ ሽማግሌዎች ለሸንጎ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። ስፌቱን ማን እንደ ሰፋው ብንጠይቅ የባለቤቲቱን አክስት ስም ከነአባቷ ነገሩን። ሸክላውን ማን እንደ ሠራው ስንጠይቅ ግን «ከገበያ ነው» ተባልን። ነገሩ የሐረር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እስከ መስከረም 2013 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ድረስ በእጃችን የነበረው የ10 ብር ኖት ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት ነበረች። ሸክላ የምትሠራ ሴት ግን በገንዘባችን ላይ አላየሁም።

በሌላ አገር አለች። በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ላዲ ክዋሊ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትታያለች። ሥራውን የተማረችው በመንደሯ ከአክስቷ ነው። በእንስራዎቿ ላይ እንሽላሊት፣ ጊንጥ፣ እስስትና ዓሣ እየቀረጸች ታስጌጥ ነበር። ማይክል ካርዲው የተባለው እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ ሥራዋን ያየው በአቡጃ አሚር ቤት ነው፤ እርሱ ሳይመጣ እንሽላሊቶቿ ነበሩ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ያልገባችውን ይህችን ሴት አሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1977 የክብር ዶክትሬት ሰጣት። እኛ ደግሞ «ሸክላ» የሚለውን ቃል ዘፈን ለተቀረጸበት ሰሌዳ ሰጥተን ዘፋኙን አከበርን፤ ቃሉን ያበደረችንን ሴት ረሳን።

በርግጥ ገዥ ሲገኝ ሁሉ ይቃናል የሚለውን ሐሳብም አልቀበለውም። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከእንስራውና ከድስቱ ጋራ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይሠሩ ነበር፤ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ሌላም። በመካከላቸው እውነተኛ ቀልድ ያለባቸው አሉ። ነገር ግን አገር ጎብኚው የሚፈልገው አንድ ዓይነት አንበሳ ሲሆን እጅ ያንኑ አንበሳ ይለምዳል። ከሠሪዎቹ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ሌሎች ቀጠሉበት። ያለ ደስታ የተሠራ አንበሳ ፊቱ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ የሶፊዋን እናት ጅብ አይቶ «ሁለት መቶ ይሥሩልን» የሚል ባለ ፕሮጀክት ቢመጣ ሥራውን ይገድለዋል ብዬ እፈራለሁ። የሚያስፈልጋቸው ለምጣዳቸው ተገቢ ዋጋ ማግኘት ነው። ምጣዱ በወጉ ከተሸጠ የተረፈው ጭቃ ለጨዋታ ይቀራል።

አሁን ወደ ማጨብጨቤ ልመለስ። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ በጎጃም ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሸክላ ሠሪን ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች የሚለውን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ቃሉ በአማርኛችን እንኳን ሰውን የከተማ በርን እስከ መሰየም ደርሷል፤ ሐረሪዎቹ በድሮ በሪ የሚሉትን የጀጎል በር እኛ ቡዳ በር እንለዋለን። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ እኔ የተማርሁበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ አልደረሰም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ልጅ ከእኔ ጋራ ዳቦ አልቆርስም አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአያትህ ሥራ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ «ገበሬ ናቸው» እላለሁ። በክርክሩ ዕለት ያጨበጨብሁትም ባላጨበጭብ ሰው ያውቅብኛል ብዬ ነው። ተከራካሪው ወንድማችን ተሳስቶ ተናገረ፤ እኔ ግን እያወቅሁ አጨበጨብሁ። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

የሶፊዋ እናት ይህን የደጋ ወሬ አያውቁትም። ለእርሳቸው ጅብ የሐረር ጅብ ነው፤ በጀጎል ግንብ በተተወለት ቀዳዳ ገብቶ ሲነጋ የሚወጣ ጎረቤት። እኔ ግን ከሸክላ ሠሪ እጅ ጅብ ወጥቶ ዕጣን ሲያጨስ ባየሁ ጊዜ ሳቄ መካከል ላይ ተቋረጠ። ጓደኛዬ ምን ሆንህ አለኝ። ያን ጊዜ አልነገርሁትም፤ ይህን ሲያነብ ያውቀዋል።

ማኅበራችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። በክበባችን ቡና በየሳምንቱ ይፈላል። ጀበናው የአገር ነው፤ ሲኒው ግን የፋብሪካ ነው፣ ስሙም «የቻይና» ከሚል የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ሲኒውን አልነካም። ጀበናውን፣ ማጨሻውንና የአበባ ማስቀመጫውን ግን ያለ ክርክር በዋጋው ከሶፊ እንግዛ፤ ሠሪዋም ከፈቀደች ከበታቹ ስሟን ወይም ምልክቷን ታሳርፍበት። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚማሩ ጓደኞች ያሏችሁም ጻፉላቸው፤ አንድ የዕረፍት ሳምንት ከእርሳቸው ግቢ ጭቃ ሲወቅጡ ቢያሳልፉ አይጎዳቸውም።

ጅቡን ገዝቼዋለሁ። ዋጋውን ሲጠሩ ጓደኛዬ ከልማድ ተነሥቶ «ይቀንሱ» ሊል ሲል እጁን ያዝሁት። በነጠላዬ ጠቅልዬ እስከ ግቢያችን በጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ፤ ሆኖም አውቶቡሱ አንድ ጆሮውን ሰብሮታል። አሁን በመኝታ ክፍላችን መስኮት ላይ ነው። አብሮ አዳሪዎቼ ክብሪትና እርሳስ ይጨምሩበታል።

በሚመጣው ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። መሄድ የሚፈልግ በጧቱ 1 ሰዓት ዋናው በር ላይ ይገኝ። ሰፋ ያለ ዘንቢልና ብዙ ገለባ ይያዝ፤ መንገዱ ያንገጫግጫል።