ማማው የማን ነው?

የመርከብን መንገድ ሳተላይት በሚመራበት በዚህ ዘመን ለአሮጌ የባሕር መብራት ማማ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ድካም ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ አስተሳሰብ ቅርስን በዕለት ጥቅሙ ብቻ የሚመዝን በመሆኑ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው።

በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በማርታስ ቪንያርድ ደሴት የሚገኘው የጌይ ሄድ ማማ እ.ኤ.አ. በ1856 በጡብ የተገነባ ነው። ባሕሩ ገደሉን እየሸረሸረ ማማውን ወደ አፋፍ ባቃረበው ጊዜ፣ ነዋሪዎቿ ከጥቂት መቶዎች የማይበልጡት የአኩዊና ከተማ ባለቤትነቱን ተረከበች። በጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ አቋቁመው፣ ከግለሰቦችና ከደሴቲቱ ከተሞች ጭምር 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አሰባሰቡ። በ2015 400 ቶን ገደማ የሚመዝነው ማማ ሳይፈርስ በብረት ሐዲድ ላይ ተንሸራትቶ 40 ሜትር ያህል ከአፋፉ ራቀ፤ በዚያው ዓመትም ዳግም በራ።

ታዲያ «ቅርስ መጠበቅ የመንግሥት ፋንታ ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ይሉታል? የሚናድ ገደል ቀጠሮ አይሰጥም። ማማውን ከስፍራው ያነሣው የባለሙያ ጥበብ ነው፤ እንዲነሣ የወሰነው ግን በአጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉም ለዚህ ነው። ማማው የማን ነው ቢባል፣ ሸክሙን የተካፈሉት ሁሉ ነው።