ሁሉም ነገር አቤቱታ መሆን የለበትም

ዛሬ ስለ ወረቀት እድሳትም፣ ስለ ስብሰባም፣ ስለ ቢሮ ወረፋም አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አብዛኞቻችሁ “ቢጫው”ን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ላስተዋውቅ፦ ሁለት ትልልቅ ዐይኖችና ሁለት አጫጭር እግሮች ያሉት የ20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጁባ ውስጥ ይኖራል። የውሃ ቦቴ ሲመጣ ይሮጣል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ሲሞላ ይኮራል፣ ሲጎድል ይተክዛል። እኔ እጽፈዋለሁ፣ ጓደኛዬ ይሥለዋል። በየቅዳሜው ማታ አራት ሥዕል ሠርተን እዚህ ገጽ ላይና በቴሌግራም እንለቃለን። ገንዘብ አናገኝበትም። እንዲያውም የዳታ ብር ከኪሳችን ይወጣል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማከብረው ታላቅ ወንድም በኢንቦክስ ጻፈልኝ። “ወንድሜ፣ ሕዝብ እያለቀሰ አንተ ካርቱን ትሠራለህ? ብዕርህ ለዚህ ነበር?” አለኝ። ያን ዕለት “እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ” ብዬ አለፍኩት። ጥያቄው ግን የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ በልባችሁ እንደምትጠይቁት አውቃለሁ፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ስለዚህ ሙሉ መልሴን እዚህ ልጻፍ።

መጀመሪያ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የካቲት ላይ ጁባ ላይ የወረደውን ሙቀት የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ተማሪዎች ራሳቸውን እየሳቱ ሲወድቁ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለሁለት ሳምንት ዘጋ። ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ያን ሰሞን በቀትር ብረት መንካት ስለማይቻል ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጥላው ሲዞር አብረን እንዞር ነበር። አንድ ቀን የብስኩት ካርቶን ቀደደና ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጀሪካን ሣለ። ዐይን ጨመረለት። እኔ ከጎኑ “እኔ እንኳ ላብ የለኝም፣ ምን አለኝና ላብ ይወጣኛል” ብዬ ጻፍኩ። ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቅን አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሥርዓት ያዘ። ኢቢስ ፔይንት የሚባል በነጻ የሚገኝ የመሣያ አፕ ስልኩ ላይ ጫነ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስለሆነ በጣቱ ሲሥል ስንጥቁ ጋ ሲደርስ መስመሩ ይሰበራል። እኛም ለቢጫው ሆዱ ላይ ጠባሳ ሰጠነው፣ ነገሩም አለቀ። ሳጥኖቹን ጎን ለጎን አናደርጋቸውም፤ ከላይ ወደ ታች ነው የምንደረድራቸው። ኮሪያውያን ዌብቱን የሚሉትን በስልክ የሚነበብ ኮሚክ ያስፋፉት በዚህ መንገድ ነው፤ አንባቢ በአንድ ጣት እየጎተተ ያነባል። አገር ቤት ትንሽ ስልክ ላለው ዘመድ ከዚህ የተሻለ የለም።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ። መብራት ሲጠፋ “ድርግም”፣ የእጅ ባትሪ ሊሞት ሲል “ጭል ጭል”፣ ሰው ሲናደድ “ብው”፣ ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ “ጠብ... ጠብ...”። አንድ ቃል ጽፈህ ጓደኛህ በጥቁር ቀለም ሳጥኑን ከሞላው፣ ጄኔሬተር የጠፋበት የጁባ ሌሊት ተሣለ ማለት ነው።

ፊደላችን ግን ያስቸግራል። ዳታ ለመቆጠብ ሥዕሉን አሳንሰን ስንልከው የፊደሉ እግርና ቀለበት ይጠፋል። አንድ ጊዜ ቢጫው “ውሃ መጣ!” ብሎ ሲጮህ አንዲት አክስቴ “ውሃ ሞጣ” ብላ አንብባ፣ ማን ሞጣ እንደሄደ ለመጠየቅ ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ ፊደሉን በወፍራም እጅ ጽሑፍ ነው የምንጽፈው፤ በአንድ ንግግር ውስጥም ከስምንት ቃል በላይ አናስገባም።

“ኮሚክ የፈረንጅ ነው፣ የልጅ ነው” ለምትሉ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን ሥዕል ያላየ አለ? ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ሳጥኖች ተከፍሎ፣ ከየሳጥኑ ሥር አጭር ጽሑፍ ተጽፎለት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ የሚነበብ ነው። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? በጣና ዳር ያሉት የዘጌ ገዳማት ግድግዳዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ታሪኩን በሥዕል እየተከተለ እንዲያነብ የተሠሩ ናቸው። በጥንቱ የአገራችን አሣሣል ደጉ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን፣ ክፉው ደግሞ በጎን ታይቶ በአንድ ዐይን ይሣላል። ጓደኛዬ ይህን በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይቶ የያዘው ነው። ቢጫው ሁለት ዐይን ያለው ለዚህ ነው። ሥጋ የሚነጥቀው ጭልፊትስ? አንድ ዐይን ብቻ ነው ያለው።

በእኛ ዘመንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2018 በስራት ደበበ የተባለ ኢትዮጵያዊ “ጀምበር” የሚል የልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ጀግናው ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ምሩቅ ወጣት ነው። ስለዚህ እኛ አዲስ ነገር አልፈጠርንም፤ የቆየ ነገር በተሰነጠቀ ስልክ ቀጠልን እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጓደኛዬና እኔ በዚህ ኮሚክ ተጣልተን እናውቃለን። ሦስት ሳምንት ቢጫው ያልወጣበትን ጊዜ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ “ኔትወርክ ነው” ብዬ ዋሽቻችሁ ነበር፣ ይቅርታ። እውነቱ እንዲህ ነው። የጓደኛዬ ጉዳይ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ “ጠብቅ” ተብሎ ተመለሰ። እኔ ተናደድኩና ለዚያ ቅዳሜ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። በአራተኛው ሳጥን ቢጫው ሰሌዳ ይዞ “ድምፃችን ይሰማ፣ መልስ እንፈልጋለን” ይላል። የማውቀው ሥራ ስለሆነ እንዲህ ያለውን መፈክር ዐይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ።

ጓደኛዬ አነበበና ስልኩን መለሰልኝ። “ይኼን አልሥልም” አለኝ። “ለምን? ያንተው ጉዳይ አይደለም እንዴ?” አልኩት። “ለዚያ ነው የማልሥለው። እዚያ ስሄድ ቁጥር ነኝ። እዚህ ስትጽፍልኝ ደግሞ ምሳሌ ነኝ። ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው ዝም ብዬ የምሥለው። እሱን ተውልኝ።”

ከፋኝ። ፈሪ አልኩት፤ ዛሬም የማፍርበት ቃል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱም አልደወለ፣ እኔም አልሄድኩ። ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እጄ ባዶ ሆነብኝ። አቤቱታ ጽፌ ሳበቃ የሚሰማኝ ድካም ነው። ከእሱ ጋር አራት ሳጥን ስጨርስ የሚሰማኝ ግን ሌላ ነው፤ ከሥራ መልስ እግር እንደመታጠብ ያለ ነገር። ያን ጊዜ ገባኝ። በአራተኛው ሰንበት ባዶ የብስኩት ካርቶን ይዤ ጋራዡ ሄድኩ። ምንም ሳንናገር ተቀመጥን። እሱ ጀሪካን ሣለ፣ እኔ ከጎኑ “ክዳኔን ያየ አለ?” ብዬ ጻፍኩ። ክዳኑ የጠፋበት ክፍል የመጣው እንዲህ ነው።

ስሙኝማ፣ ዓላማ ያለው ሥዕል አልጠላም። በዚሁ በጁባ እ.ኤ.አ. በ2016 የደቡብ ሱዳን አርቲስቶች “አና ታባን” ብለው ተነሥተው የከተማውን ግድግዳ የሰላም ሥዕል ሥለውበታል። ትርጉሙ “ደከመኝ” ማለት ነው፤ እንዴት ያለ ስም ነው! ሱዳናዊው ኻሊድ አልባይህም የፖለቲካ ካርቱኖቹን “ኻርቱን” በሚል ስም በፌስቡክ ሲለቅ ዓለም አይቶለታል። ክብር ለእነርሱ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እኔ የምለው፣ ስደተኛ የሚሠራው ሁሉ፣ የሚሥለውም የሚዘፍነውም ሁሉ፣ የግድ ለሌላ ሰው ማሳመኛ መሆን የለበትም ነው። ለቢሮ ስንናገር ቆስለን፣ ለጋዜጠኛ ስንናገር አልቅሰን፣ ለቤተሰብ ስንናገር ደህና ሆነን ነው። በየበሩ የምንለብሰው ልብስ ሌላ ነው። ታዲያ ልብሳችንን አውልቀን የምንቀመጥበት የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ አለ። ኦማር ሞሐመድ የሚባል ሶማሊያዊ በአራት ዓመቱ ተሰዶ ኬንያ፣ ዳዳብ ካምፕ ውስጥ ከታናሽ ወንድሙ ከሐሰን ጋር አደገ። በኋላ አሜሪካ ሄዶ ቪክቶሪያ ጄሚሰን የምትባል ሠዓሊ አገኘ። እርሱ ሕይወቱን ተረከላት፣ እርሷ ጻፈችውና ሣለችው፤ ከአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ እስከመሆን ደረሰ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ረሃብም መጠበቅም አለ። እኔ ልብ ውስጥ የቀሩት ግን የሁለቱ ወንድማማቾች ጨዋታና ፍቅር ናቸው። ስለ ስደተኛ ብዙ ሪፖርት አንብቤአለሁ፤ ሁለት ወንድማማች ሲጫወቱ ያየሁበት ሪፖርት ግን ትዝ አይለኝም።

የመጨረሻው ምስክሬ እናቴ ናት። ለስንት ዓመት በስልክ “ደህና ነኝ እማዬ፣ ውሃም መብራትም አለ፣ ሥራም አለ” ስላት ኖሬአለሁ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ይህን ውሸት። ክዳኑ የጠፋበት ክፍል በወጣ በሦስተኛው ቀን ደወለች። የእህቴ ልጅ ነው ያሳያት። በዚያ ክፍል ቢጫው ክዳኑን ሲፈልግ ይመሽበትና ማንጎ ዛፍ ሥር ተገልብጦ ያድራል።

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ዝም አለች። ከዚያ “ልጄ፣ ክዳኑ የጠፋ ለታ የት አደርክ?” አለችኝ።

ከየት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም። ኪራይ ያልከፈልኩ ለታ ጋራዥ ውስጥ፣ አሮጌ መኪና ወንበር ላይ እንዳደርኩ ነገርኳት። አላለቀሰችም። “ብርድ ነበር?” አለች። “ኧረ ጁባ ብርድ የለም እማዬ፣ ሙቀት ነው የሚገድለው” አልኳት፤ አብረን ሳቅን። ከተሰደድኩ ወዲህ ከእናቴ ጋር እውነት የተነጋገርኩት ያን ቀን ነው። ያ አራተኛ ሳጥን መፈክር ቢሆን ኖሮ ስለ እኔ ሌሊቱን ስታለቅስ ታድር ነበር እንጂ የት እንዳደርኩ አትጠይቀኝም።

ስለዚህ ጋሼ፣ መልሴ ይኸው ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ ቀልድ ይወራል። ሟች ስለተረሳ አይደለም። ሐዘንተኛው ሌሊቱን እንዲያልፈው ነው። የእኛ ሌሊት ደግሞ ረጅም ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አቤቱታዬን እጽፋለሁ፣ ስብሰባዬን እሄዳለሁ፤ አልተውኩም፣ አልተውምም። ቅዳሜን ግን ተውልኝ።

ጎሮም ላላችሁ፣ ካኩማ ላላችሁ፣ ካምፓላ ላላችሁ ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። አንድ ጓደኛ ያዙና አንድ ወረቀት አራት ቦታ እጠፉ። መሣል የማይችል ክብና ዱላ ይሣል፤ ሰው ይገባዋል። ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። የእውነተኛ ሰው ፊት፣ የምትኖሩበትን ቤትና የማንንም ሰነድ አትሣሉ፤ እንግዶች ነን፣ አገር ቤትም ቤተሰብ አለን። ጓደኛችሁ “ይኼን አልሥልም” ካላችሁ እኔ ያልኩትን አትበሉት። አራተኛው ሳጥን ውስጥም ምክር ለመጻፍ አትቸኩሉ፤ ባዶ ብትተዉት እናታችሁ ትሞላዋለች።

ዘመዶቻችንም፣ ልጃችሁ ሥዕል ሲልክላችሁ “ይኼ እንጀራ ይሆናል?” አትበሉት። የትኛው ጋ እንደሳቃችሁ ንገሩት። ለእኛ ከዚያ የበለጠ ደመወዝ የለም።

ጓደኛዬ አሁን ከጎኔ ተቀምጦ “ጽሑፉ ከስምንት ቃል በለጠ” እያለ ይስቅብኛል። ቻርጁም ጭል ጭል እያለ ነው። ቅዳሜ በቢጫው እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ።