ቺንጋ በተቀየረበት ቀን መኪና አይገፋም



ባለፈው እሑድ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለው ግቢ የሆነውን ያላየ ይኖር ይሆናል እንጂ ያልሰማ የለም። የአንድ ጎረቤታችንን የናፍጣ ሚኒባስ የታይሚንግ ቺንጋ ለመቀየር አራት ሆነን ተነሳን። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ገጣጥመን ጨረስን፤ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ያልተወራ የለም። «ጋራዥ መውሰድ ሲገባቸው!» ያለ አለ፤ «በግቢ የተፈታ ሞተር መጨረሻው ይኸው ነው» ያለም አለ። እኛም በበኩላችን የምንለው አለን።

በቤት መሥራት በራሱ ነውር አይደለም። ያ ሚኒባስ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ እሱ ሲቆም ቤቱም ይቆማል። ባለቤቱ የጋራዥ ወጪ ከብዶት «እናንተ አላችሁልኝ» ብሎ ጠራን፤ ሄድን። ጥፋታችን መሥራታችን አይደለም፤ መቸኮላችን ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሞተሩ እምቢ ካለ በኋላ ያደረግነው ነው።

ነገሩን ለማያውቁት እናስረዳ። በቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ ቺንጋ ሦስት ነገሮችን ያስተሳስራል፤ ኮሎውን፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን አልቤሮካምና ናፍጣ የሚረጨውን ፖምፓ። ኮሎው 2 ጊዜ ሲዞር አልቤሮካሙና ፖምፓው 1 ጊዜ ይዞራሉ። ፖምፓው በውስጡ ባለው ስፕሪንግ ምክንያት ቺንጋው ሲወጣ ከምልክቱ ሸርተት ማለት ይወዳል። የፖምፓው ማርሽ ለምሳሌ 40 ጥርስ ቢኖረው፣ የ1 ጥርስ ስሕተት በራሱ ላይ 9 ዲግሪ፣ በኮሎው ላይ ደግሞ 18 ዲግሪ ይሆናል። ትንሽ የምትመስል ስሕተት ትንሽ አይደለችም ማለት ነው።

እኛ ምን አደረግን? ባትሪው እስኪሞት ድረስ ሞተሪኖውን አዞርን። ባትሪው ሲደክም የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ቁልቁለቱ ቅርብ ነው፣ ግፉት!» አለ፤ እኛም እጃችንን መኪናው ላይ ጫንን። ይህን ጊዜ በጡረታ ያሉ አንድ መካኒክ አባታችን ከፊት ቆመው፣ «እናንተ ልጆች፣ ቆዩ እንጂ! ሳታዩት ወዴት ነው የምትገፉት?» አሉን። ዛሬ ምስጋና የሚገባቸው እሳቸው ናቸው። የአልቤሮካሙ ምልክት ስቶ ቢሆን ኖሮ፣ በግፊያው ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ይጣመሙ ነበር። ያን ጊዜ ቴስታታ ይፈታል፣ ቫልቭ ይገዛል፤ ጎረቤታችንም ያለ ሥራ ይቀመጣል።

ከእሳቸው የተማርነው እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይናገራል፣ የሚያዳምጠው ካገኘ።

1ኛ/ ሞተሪኖው እያዞረ ከማርሚታው ምንም ጢስ ካልወጣ፣ ናፍጣ አልደረሰም። ፖምፓው ላይ ያለው የናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ተነቅሎ እንደሆነ ይታይ። ቱቦ ተፈትቶ ከነበረም አየር ገብቷልና በማጣሪያው ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ ይውጣ።

2ኛ/ ጥሬ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጢስ ከወጣ፣ ናፍጣው ደርሷል፤ ግን አልተቃጠለም። በብርድ ጠዋት ጥፋቱ የማሞቂያው ካንዴላ ሊሆን ይችላል። ቺንጋ በተቀየረበት ቀን ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፖምፓው መዘግየት ነው።

3ኛ/ ተነስቶ እንደ መዶሻ የሚያንኳኳ ከሆነ፣ ፖምፓው ቀድሟል ወይም ቫልቭ ፒስተን እየነካ ነው። ወዲያው ይጥፋ።

4ኛ/ ሞተሪኖው ከወትሮው ቀልሎት የሚያዞር ከሆነ ኮምፕሬሽን የለም። አልቤሮካሙ ቦታውን ስቷል፣ ወይም ቫልቭ ተጣሟል።

የእኛ ሁለተኛው ነበር። የባትሪውን ሽቦ ነቅለን፣ የቺንጋውን ክዳን ከፍተን፣ ኮሎውን በቁልፍ በእጅ ወደ መዞሪያው አቅጣጫ 2 ሙሉ ዙር ቀስ ብለን አዞርን። አባታችን «ኮምፕሬሽን ሲገፋችሁ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ብረት በብረት ሲመጣ ግን ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ያኔ አታስገድዱት» እያሉ አጠገባችን ቆሙ። ኮሎውና አልቤሮካሙ ምልክታቸው ላይ መጡ፤ ፖምፓው 1 ጥርስ ዘግይቶ ተገኘ። አስተካክለን፣ እንደገና 2 ዙር አዙረን፣ ከሌላ መኪና ባትሪ ተውሰን ሞከርን። ተነሳ! ነጩ ጢስ ጥቂት ቆይቶ ጠራ።

ጋራዥ ይሻላል የሚሉን ወገኖች ፍጹም ተሳስተዋል አንልም። ምልክቶቹን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቺንጋ መፍታት ድፍረት ነው። ነገር ግን መፍትሔው እርስ በርስ መተቻቸት ሳይሆን ሥርዓት ማበጀት ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፤

— ቺንጋው ሳይወጣ ሦስቱም ምልክቶች በቀለም ይመልከቱ፤ ያልሠራ ሁለተኛ ሰውም ይያቸው።
— በእጅ 2 ዙር ሳይዞር ሞተሪኖ አይነካ።
— የናፍጣ ቱቦ ሲላላ እጅ ይራቅ፤ በኃይል የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።
— የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፍ። ማኅበሩም ለዚህ የሚሆን አንድ መዝገብ ይክፈት።
— ከሁሉ በላይ፣ ቺንጋ በተቀየረበት ቀን እምቢ ያለ መኪና አይገፋ።

በሰፈራችን መተባበር አልጎደለም፤ ሃያ ሰው ለመግፋት በአንድ ጊዜ ተሰልፏል። የጎደለው «ቆዩ፣ መጀመሪያ እንየው» የሚል ነው። እሑድ ዕለት አንድ ሰው በማለቱ አንድ ቤተሰብ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው ሄደ። ለሚቀጥለው ጊዜ ይህን የምንል ብዙዎች እንሁን።

ቸር ያሰማን።