«በቃኝ» ማለት ስንፍና አይደለም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ አንዳንዶቻችሁንም ያስቆጣ ይሆናል። መቆጣት መብታችሁ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተቆጡ።

ናይሮቢ መኖር ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆነኝ። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ከሰላምታው ቀጥላ የምትመጣውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቃታለን፤ «እስካሁን እዚያው ነህ?» ትላለች። እዚያው! ሰው ቋንቋ ለምዶ፣ ሥራ ይዞ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ጎረቤት አፍርቶ፣ የሞተ ቀብሮ 12 ዓመት ሲኖር፣ ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ድንጋይ ይመስል «እዚያው» ይባላል። ጠያቂው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የተተከለ አንድ ሚዛን አለ። በዚያ ሚዛን ስደት የወጣ ሰው ወይ ፈረንጅ አገር ይገባል፣ ወይ አገር ቤት ፎቅ ይሠራል፣ ወይ መኪና ተደግፎ ፎቶ ይነሣል። ከነዚህ አንዱን ካላደረገ «አልቀናውም» ተብሎ ይዘጋል።

እኔ ይህ ሚዛን ይሰበር እላለሁ። ድህነት ጥሩ ነው ብዬ አይደለም። ሚዛኑ ሰው እየገደለ ስለሆነ ነው። ቃሉን ለማጋነን አልተጠቀምኩበትም፤ አንድ በአንድ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ፕሮሰስን እንውሰድ። ዩኤንኤችሲአር ራሱ በየጊዜው እንደሚናገረው በዓለም ካሉት ስደተኞች በዓመት ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱት ከ100 አንድ አይሞሉም። ይህ ቁጥር ተደብቆ አያውቅም። ሆኖም ኢስሊ ውስጥ በየቤቱ ብትገቡ ከ100 ሰው 99ኙ ያ አንዱ እኔ ነኝ ብሎ ይኖራል። «ነገ ለምሄደው» ብሎ አልጋ የማይገዛ አለ። 9 ዓመት ተቀምጦ ስዋሂሊ ያልለመደ አለ። የሚወዳትን ልጅ «ኬዜ ይበላሻል» ብሎ ያላገባ አለ፤ እሷም አልጠበቀችውም፣ ኬዙም አልተንቀሳቀሰም። ሻንጣዋን አልጋ ሥር አዘጋጅታ የምትኖር እናት አውቃለሁ። ውስጡ ያስቀመጠችው የልጇ ልብስ ለልጁ ጠቦታል፤ ልጁ አድጓል፣ ሻንጣው ግን እንደተዘጋ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኛ መቀበያ ፕሮግራሟን ባንድ ቀን ፊርማ አቆመች። ሁሉን ፈተና ጨርሰው ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ በረራቸው ተሰረዘ። ያን ሳምንት ያለቀሰውን ሰው ሁላችሁም አይታችኋል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ ነው።

ልብ በሉ፣ ፕሮሰስ ያላችሁ ተዉት አላልኩም። ቅጹን ሙሉ፣ ኢንተርቪው ተገኙ፣ ከደረሳችሁ መርቀን እንሸኛችኋለን። እኔ የምቃወመው ሰው ስልክ እስኪጮህ ድረስ ሕይወቱን ቆልፎ እንዲቀመጥ ነው። መጠበቅ ሥራ አይደለም። የሚጠበቀው ቀን ባይመጣ፣ ያለፈውን ቀን የሚመልስልን ቢሮ የለም።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ገጠር፣ ከሌላም ቦታ የሚነሡ ወጣቶች በሞያሌ ገብተው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በምትባል ቦታ፣ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰው አየር አጥቶ ሞቶ ተገኘ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ላይ 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። እነሱም የእኛው ልጆች ናቸው ተባለ። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። የሚበሉት አጥተው ብቻ የወጡም አይመስለኝም። ለደላላው የተከፈለው ገንዘብ ከየት ይመጣል? በሬ ተሸጦ፣ መሬት በኮንትራት ተሰጥቶ፣ አጎት ተበድሮ ነው። ያ ገንዘብ እዚያው ቀበሌ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ ይከፍት ነበር፤ ሁለት ላም ይገዛ ነበር። ግን ሱቅ «ማለፍ» አይባልም። ሱቅ ፎቶ አይሆንም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት እየሳቅን እናወራዋለን እንጂ በየመንደሩ እየኖርነው ነው።

በሟቾቹ አልፈርድም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ጦርነት፣ እስርና ረሃብ ሸሽቶ የወጣውንም አንድ ቃል አልናገረውም፤ እኔም ሸሽቼ የወጣሁ ነኝ። የምናገረው ያንን ልጅ ደግፎ ከቤት ስለገፋው ሐሳብ ነው። ያ ሐሳብ ደግሞ ከእኛው ስልክ ነው የሚነሣው።

ሦስተኛው ጉዳዬ ይሄው ነው። እዚህ ናይሮቢ ለአንድ ክፍል ኪራይ አጥሮት ከጓደኛው የተበደረ ልጅ፣ እሑድ ጃኬት ተውሶ፣ የማያውቀው ሰው መኪና ተደግፎ ፎቶ ተነሥቶ «ተመስገን፣ ሁሉም በጊዜው» ብሎ ይለጥፋል። 400 ላይክ ያገኛል። እኛ እዚህ ያለነው እናውቃለን፣ እንስቃለን፣ ላይክም እናደርጋለን። ፎቶውን ግን አገር ቤት ያለ የ17 ዓመት ታናሽ ወንድሙ ያየዋል። እሱ አይስቅም። ደብተሩን ዘግቶ ደላላ ይፈልጋል። ጃኬቱ የውሰት ነው፣ መኪናው የሰው ነው፤ የሚነሣው ልጅ ግን የእውነት ልጅ ነው። በዚህ ላይ ቲክቶክ ላይ ቁጭ ብለው «ድህነት ምርጫ ነው፣ ሚሊየነር ያልሆንከው አስተሳሰብህ ነው» እያሉ የሚሰብኩን አሉ። ወንድሜ፣ መታወቂያ አጥቶ ባንክ የማይገባ ሰው ድህነቱን ከየትኛው ምርጫ ወረቀት ላይ ነው የመረጠው?

የእርዳታ ድርጅቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ለሪፖርታቸው ወይ የሚያለቅስ ስደተኛ ይፈልጋሉ፣ ወይ ከባዶ ተነሥቶ ድርጅት የከፈተ «ስኬታማ ስደተኛ» ይፈልጋሉ። ቲማቲም ሸጣ ልጆቿን አብልታ ማታ እግሯን ታጥባ የምትተኛዋን ሴት ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ የለም። እኔ ግን ክብር የምሰጠው ለእሷ ነው።

አሁን የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «አንተ አክቲቪስት ነኝ ትላለህ፣ ደሃውን ባለህ ተደሰት ብለህ ታስተኛዋለህ» ልትሉኝ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። በቃኝ ማለትና መብቴን ተውኩ ማለት ሁለት ነገር ነው። በቃኝ የምለው ለፎቁ፣ ለመኪናው፣ ለሰው ዓይን ነው። ለመታወቂያ፣ ለሥራ ፈቃድ፣ ለልጄ ትምህርት፣ ለታማሚ ሕክምና በቃኝ ብዬ አላውቅም፤ ወደፊትም አልልም። የኬንያ የስደተኞች ሕግ በ2021 ወጥቶ በ2022 ሥራ ላይ ውሏል፤ ስደተኛ ሠርቶ የመብላት መብት እንዳለው ጽፏል። በማርች 2025 ደግሞ ካኩማንና ዳዳብን ከካምፕነት ወደ መኖሪያ ከተማነት ለመለወጥ የታሰበው የሺሪካ እቅድ ይፋ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ ያለውና በር ላይ የሚገጥመን ግን ገና አልተገናኘም። የሚያገናኘው የእኛ ድምፅ ነው።

ታዲያ በስብሰባ ቀን ማን ይመጣል? ስለዚሁ ጉዳይ እንነጋገር ብለን ስንጠራ «እኔ እኮ ልሄድ ነው፣ ምን ያገባኛል» የሚለው ይቀራል። «ስሜ ከተነሣ ኬዜን ያበላሹብኛል» የሚለውም ይቀራል። በ2025 ካኩማ ላይ ራሽን ሲቀነስ ድምፁን ያሰማው እዚያ ልጅ የሚያሳድገው፣ ነገም እዚያው የሚበላው ሰው ነው። ሰው ለሚኖርበት ቤት ጣራ ይጨቃጨቃል፤ ለሚያድርበት ሆቴል ግን አይጨቃጨቅም። እንግዲህ ሰውን የሚያስተኛው የትኛው ነው? ኑሮን መቀበል ነው ወይስ ኑሮን እንደ መሸጋገሪያ ማየት? እኔ ያየሁት፣ ያለበትን ኑሮ ኑሮዬ ነው ያለ ሰው አፉ እንደሚፈታ ነው። የሚያስፈራሩበት ነገር ከእጃቸው ይወጣል።

ስለ ራሴ ኑሮ ጥቂት ልበል፤ ለመመጻደቅ አይደለም፣ ባዶ ሜዳ ላይ ሆኜ እንዳልናገር ነው። ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ሲንጀር አለኝ፤ የዩኒፎርም ወራት ሲሆን ሥራ ይበዛል፣ ሌላ ጊዜ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። የምንኖረው በአንዲት ክፍል ነው፣ ኪራዩ 9,000 ሽልንግ። ጤፍ ስለሚወደድ ባለቤቴ ከሩዝና ከማሽላ ጋር ቀላቅላ ትጋግራለች። ልጃችን ስዋሂሊን ከጎረቤት ልጆች ጋር እንደ አፍ መፍቻ ትናገራለች፤ ማታ ደግሞ እናቷ ሀሁ ታስቆጥራታለች። እድራችን 34 ቤተሰብ አለው። አንዱ ሲሞት በኤም-ፔሳ እናዋጣለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። በር ላይ ሱኩማ የምትሸጠው ማማ፣ ልጄ ታማ ሌሊት ሆስፒታል ስንወስድ ሱቋን ዘግታ አብራን የሄደች ሰው ናት። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይጠፋል፣ ፖሊስ ያስቆመኛል፣ ወሩ መጨረሻ ላይ ያንገዳግደኛል። ገነት አይደለም። ሕይወት ግን ነው፤ ልምምድ አይደለም።

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ «ቀናው» ከተባሉት ነው። ማታ ማታ መኪና ይነዳል፣ ቀን መጋዘን ይሠራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውሎ የሚጠይቀኝ ስለ ቡናችን ነው፤ «ዛሬ ማን ማን መጣ? ምን ተጫወታችሁ?» ይለኛል። ገንዘብ ይልካል፣ ቡና አብሮት የሚጠጣ ሰው ግን የለውም። የእሱን ድካም አልንቅም፤ ብዙ ቤት የቆመው በእሱና በመሰሎቹ ላብ ነው። ነገር ግን እሱ እኛን የሚያየን በናፍቆት፣ እኛ እሱን የምናየው በቅናት ከሆነ፣ ሚዛኑ የሆነ ቦታ ላይ ተዛብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነገር ነው።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦች፦ ስትደውሉ «ምን ያዝክ? መቼ ትሄዳለህ?» አትበሉን። «ጤና አለህ? ከማን ጋር ትበላለህ? ስትታመም ማን ይጠይቅሃል?» በሉን። ታናናሾቻችንን ከጎረቤት ልጅ ፎቶ ጋር አታወዳድሩብን። በሬውን ለደላላ ከመሸጣችሁ በፊት እዚህ ላለነው ደውሉ፣ እውነቱን እንነግራችኋለን።

እዚህ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ የተዋሳችሁትን አትለጥፉ። ዕቃችሁን ከሻንጣ አውጡ። ስዋሂሊ ልመዱ። እድር ግቡ፣ ዕቁብ ጣሉ። የወደዳችሁትን አግቡ። ስብሰባ ስንጠራም ኑ።

በትንሽ ኑሮ የሚስቅን ሰው ስታዩ ደግሞ «ተስፋ ቆርጦ ነው» አትበሉ። ምናልባት መጠበቁን አቁሞ መኖር የጀመረ ሰው ነው።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ፤ የምትቃወሙኝም ጭምር፣ ስድብ ብቻ አይሁን። አገር ቤት ስልክ ለሌላቸው ወላጆች አንብቡላቸው። ሰላም እደሩ።