«ዳውን ስለሆነ ነው» መልስ አይደለም!

ዛሬ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ቁጣው የሚጀምረው ከራሴ ነው።

ኢንተርን ሳለሁ፣ ከአጋሮ በኩል የመጣች እናት ዳውን ሲንድሮም ያለበትን የአራት ዓመት ልጇን ለሳል ይዛው መጣች። መድኃኒት ጽፌ ስጨርስ «ዶክተር፣ ሌሊት በጣም ያንኮራፋል። አንዳንዴ ጭጭ ሲልብኝ ይተነፍስ እንደሆነ እጄን አፍንጫው ላይ አደርጋለሁ» አለችኝ። እኔም «አይዞሽ፣ ዳውን ስለሆነ ነው» ብዬ ሸኘኋት።

ይህች አባባል ዛሬም በየጤና ተቋሙ አለች። ያንኮራፋል? ዳውን ስለሆነ ነው። አልወፍር አለ? ዳውን ስለሆነ ነው። ቀን ይነጫነጫል? እሱም ዳውን ስለሆነ ነው። ክፋቷ ደግሞ ግማሽ እውነት መሆኗ ነው።

ዳውን ሲንድሮም ልጁ 21ኛውን ክሮሞዞም በሁለት ፋንታ ሦስት ይዞ ሲወለድ የሚመጣ ነው። የእነዚህ ልጆች የአየር መተላለፊያ ጠባብ፣ ጡንቻቸው ላላ ያለ ነው፤ ምላሳቸውና ቶንሲላቸው ለጉሯቸው ይተልቃል። ሲተኙ ጡንቻው ይበልጥ ይላላና መንገዱ ይዘጋል። ደረት ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ልጁን ይቀሰቅሰዋል፣ ትንሽ ተንፍሶ ይተኛል፣ እንደገና ይዘጋል። ስሊፕ አፕኒያ የምንለው ይህ ነው። ከሌሎች ሕፃናት ከ100 ከ1 እስከ 5 ያህሉን ይይዛል፤ ዳውን ካለባቸው ግን ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ።

ስለዚህ «ዳውን ስለሆነ ነው» ከተባለ ቀጣዩ ቃል «ይመርመር» እንጂ «ይተው» ሊሆን አይችልም!

ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ነው የሚወለዱት። በየሌሊቱ ኦክስጅን ሲጎድል የሳንባ ደም ሥር ግፊት ይጨምራል፣ ያው የተጎዳ ልብ ተጨማሪ ሸክም ይሸከማል። ያልተኛ ልጅ ደግሞ አይማርም። «አይገባውም» ብለን የተውነው ልጅ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ባልደረቦቼ «የእንቅልፍ መመርመሪያ በሌለበት ምን እናድርግ?» ይሉኛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምልክት ባይኖርም እንኳ እነዚህ ልጆች ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ የእንቅልፍ ምርመራ እንዲደረግላቸው ይመክራል። ለጅማ፣ ለሊሙ ወይም ለጌራ እናት ይህ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን «ሌሊት እንዴት ይተኛል?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ማሽን ያስፈልጋል? ጉሮሮውን በባትሪ ማየትስ? ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ተኝቶ ሳለ ማድረግ፣ ታይሮይዱን መመርመር፣ ልቡን በአልትራሳውንድ ማሳየት፣ ከዚያም ለጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ሪፈር መጻፍ ይቻላል።

ወላጆች፣ እነዚህን ልብ በሉ፦
👉 ማንኮራፋት፣ ትንፋሽ ማቋረጥና እንደመታነቅ ብሎ መንቃት
👉 ተቀምጦ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ወይም በግንባሩ ተደፍቶ መተኛት
👉 አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ሌሊት ላብ በላብ መሆን
👉 ቀን ማንቀላፋት ወይም መነጫነጭ

ዛሬ ማታ ሲተኛ ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ፣ ፊቱና ደረቱ እየታየ ለሁለት ደቂቃ በስልክ ቅረጹት። ለሐኪሙ አሳዩት። ቪዲዮው ደህና ቢመስልም ምርመራው አይቅር፤ ሳያንኮራፉ ትንፋሻቸው የሚቆራረጥ ልጆች አሉ። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሊነቃ ካልቻለ ግን ቪዲዮ ሳትቀርጹ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ!

እባካችሁ እንጥል አታስቆርጡ። እንጥል መቁረጥ ችግሩን አያክምም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያመጣል። የመጀመሪያው ሕክምና ብዙ ጊዜ ቶንሲልንና ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን አዴኖይድ ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ከዚያም በኋላ ችግሩ የሚቀርባቸው ብዙ ስለሆኑ ክትትሉ ይቀጥላል፤ አንዳንዶቹ ሌሊት በጭምብል አየር የሚገፋ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። የአንገታቸው አጥንት ላላ ሊል ስለሚችል ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያ ዳውን እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሩ።

«ቡናው ይለቀምና፣ ይሸጥና እንወስደዋለን» የምትሉም አላችሁ። ችግራችሁ ይገባኛል። ግን ሰኔ ላይ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ እስከ ኅዳር እንዴት ይጠብቅ? የጤና መድህን ካላችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር ጠይቁ፤ «ዳውን ስለሆነ ነው» ካሏችሁ «አዎ፣ ስለዚህ ይመርመርልኝ» በሉ።

ያቺን እናት ዳግም አላገኘኋትም። እጇን አፍንጫው ላይ አድርጋ ስትመረምረው የነበረችው እሷ ናት፤ እኔ አልነበርኩም። ይህን ጽሑፍ እንዲህ ያለ ልጅ ላለው ቤተሰብ አድርሱልኝ።